ስክሪን ላይ ውሃ አይከብድም

ጁባ ውስጥ መሐንዲስ ያደረገኝ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ካርቶን ነው። አትላባራ በሚባለው ሰፈር ሲሚንቶ፣ ፌሮና ቆርቆሮ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ደንበኛ ይመጣና "ሁለት ክፍል ልሠራ ነው፣ ስንት ከረጢት ይበቃኛል?" ይለኛል። እኔ ደግሞ ሳልስል መቁጠር አልችልም። የሚስማር ካርቶን ቀድጄ ጀርባው ላይ ቤቱን እስልለታለሁ፤ በሩ እዚህ፣ መስኮቱ እዚያ፣ ግድግዳው ይህን ያህል ብሎኬት። ሰውየው ሲሚንቶውን አስጭኖ ካርቶኑንም ይዞ ይሄዳል። እያደር ካርቶኑን ብቻ ፈልገው የሚመጡ በዙ። "ያ ሙሃንዲስ!" እያሉ፣ በዓረብኛ አንተ መሐንዲስ ማለት ነው፣ ይጠሩኝ ጀመር። አንድም ቀን "አይደለሁም" አላልኩም። ነጋዴ በነጻ የተሰጠውን አይመልስም።

ማዕረጉ በመጣ ቀን ግን ፍርሃቱም አብሮ መጣ። መኪና ሱቄ በር ላይ ሲቆም፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ሲገባ፣ ካርቶኖቼን ከባንኮኒው ሥር እከታለሁ። "የሙያ ፈቃድህን አምጣ" የሚለኝ ይመስለኛል። ፈቃድ አለኝ፤ ሚስማር ለመሸጥ። የሰው ቤት ለመንደፍ የሚሆን ግን አንዲት ወረቀት የለኝም። ያም ሰው ቀለም ጠይቆ፣ ዋጋ ተከራክሮ ይወጣል። እኔ ግን ከወጣ በኋላም ባንኮኒውን ይዤ እቆማለሁ።

ካርቶኑ ብርሃን ወደሚያሳልፍ ትሬሲንግ ወረቀት አደገ። ወለሉን በአንድ ወረቀት፣ ጣሪያውን በሌላ እስልና ሁለቱን ደርቤ የሱቁ መስኮት መስታወት ላይ እለጥፋቸዋለሁ። ፀሐይዋ ከጀርባ ታበራለች፤ የላይኛው ነገር ከታችኛው ላይ ማረፍ አለማረፉን አያለሁ። ግድግዳ በግድግዳ ላይ፣ ክብደት በምሰሶ ላይ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ የመጋዘን ዕውቀት ነው። ከሥሩ ባዶ የሆነ ቦታ ላይ ከረጢት አይደረደርም።

ከዚያ ዘመኑ መጣብኝ። ሌሎች ፕላን ሠሪዎች በኮምፒውተር የተሠራ ባለቀለም ቤት ለደንበኛ ያሳዩ ጀመር። ቤቱ ይዞራል፤ በሩ ይከፈታል። ደንበኛዬ የእኔን ወረቀት አገላብጦ "ይሄ አይዞርም?" ሲለኝ ነገሩ ገባኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ቀጥሎ ፕሮግራም መምረጥ መጣ፤ የሚያማክረኝ አለቃ የለ፣ ባልደረባ የለ፣ ብቻዬን ነኝ።

ትላልቆቹ ቢሮዎች የሚሠሩበት ፕሮግራም የዓመት ክፍያውን ስሰማ "ቤቱንም አብረው ይሠሩልኛል?" ብዬ ጠየቅሁ። ገበያ ውስጥ ስልክ የሚጠግን አንድ ያገሬ ልጅ ያንኑ ፕሮግራም በፍላሽ አቀረበልኝ።

"ያው እሱ ነው ብራዘር፤ ቁልፉ ብቻ ነው የተሰበረው።"

"ዋስትና አለው?"

"ፍላሹ አለው። ስድስት ወር።"

ሳቅኩና ተውኩት። በሳቁ ውስጥ ግን ፍርሃት ነበር፤ ቁልፉ የተሰበረ በር ሌላ ሰውም ያስገባል። የደንበኞቼ ቤት ሁሉ ላፕቶፑ ውስጥ ነው።

ለጀማሪ የሚሆን ሌላም ነበር። ዋጋው የሚቀመስ፣ አንድ ወር በነጻ የሚያስሞክር። ግን መስመር ብቻ ነው፤ ጥቁር ላይ ነጭ መስመር። ቀለም የለው፣ ሰማይ የለው። "ይህንንማ በእርሳስ እሠራዋለሁ" ብዬ ናቅኩት። የመጨረሻው ነጻ ነበር። ነጻ ብቻም አይደለም፤ ያምራል። ሣር አለው፣ ጥላ አለው፣ ጁባ ውስጥ በቅሎ የማያውቅ ዛፍ አለው። አንዲት ፈረንጅ ውሻዋን ይዛ በደንበኛዬ ግቢ ውስጥ ትንሸራሸራለች። እሱን መረጥኩ። ለሥራዬ የሚሆነኝን ሳይሆን የደንበኛን ዓይን የሚይዘውን መረጥኩ። ሱቅ ውስጥም ፊት ለፊት የምሰቅለው የሚያብረቀርቀውን ነው።

ኮሎሎ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት አንዲት ያገራችን ሴት አለች። ሐበሻው ሁሉ ማዘር ነው የሚላት። አዲስ የምግብ አዳራሽ ልትሠራ ፈለገች፤ ጣሪያው የኮንክሪት ሶሌታ እንዲሆን፣ ነገ ከላይ ክፍል ልትጨምርበት። ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ።

"መሀል ላይ ምሰሶ አልፈልግም" አለችኝ። "ከካውንተሬ ሆኜ ጠረጴዛውን ሁሉ ማየት አለብኝ። ምሰሶ ጀርባ የተቀመጠ ሰው ሁልጊዜ ጠብ ያነሳል።"

ምሰሶዎቹን ወደ ግድግዳው ገፋኋቸው። ሶሌታውን አወፈርኩ፤ ፌሮውንም አበዛሁ። ፌሮ ነጋዴ ነኝ፣ ማብዛት አይከብደኝም። በሳምንቱ ቤቱን ከመንገድ በኩል አዙሬ ሳሳያት ፊቷ ተኮሳተረ።

"ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?"

"የውሃ ታንከር ነው ማዘር።" ከወጥ ቤቱ በላይ፣ አራት ምሰሶ በተጠጋጋበት ማዕዘን ላይ ነበር ያስቀመጥኩት።

"ቤቴን እኮ ባርኔጣ የደፋ ሰካራም አስመሰልከው! ወደ መሀል አስገባልኝ፣ ከመንገድ አይታይ።"

ታንከሩን በማውስ ያዝኩና ጎትቼ መሀል ላይ ለቀቅኩት። ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ከመንገድ ሲያዩት ጠፋ። ማዘር አጨበጨበች።

"አየሽ ማዘር፣ በእጅ ቢሆን አንድ ቀን ይፈጅብኝ ነበር" አልኳት፤ ኮራሁ። ባለቀለሙን ስዕል አሳትሜ ሰጠኋት። መስኮቱ መስታወት ላይ ወረቀት መለጠፍ ከተውኩ ቆይቼ ነበር። ለምን እለጥፋለሁ? ቤቱ ይዞራል።

ሥራውን የያዘው ፎርማን የዚህ አገር ሰው ነው፤ ኢትዮጵያ አድጎ የተመለሰ። አማርኛው ከእኔ ይሻላል፤ ሲናደድ ብቻ ወደ ጁባ ዓረብኛ ይሻገራል። ታንከሩን ወደ ላይ በሚያወጡበት ቀን ደወለልኝ። እኔ ቆርቆሮ እያስጫንኩ ነበር።

"ሙሃንዲስ፣ ይሄ ታንከር እውነት መሀል ነው የሚቀመጠው? ከሥሩ ምንም የለም እኮ።"

"ስዕሉ ምን ይላል?"

"ስዕሉማ መሀል ይላል።"

"እንግዲያው ስዕሉን ተከተል።"

"ኩዌስ" አለ። እሺ ማለቱ ነው። ዘጋው። ቆርቆሮዬን ቆጥሬ ጨረስኩ።

አዳራሹ አለቀ። ማዘር የቧንቧው ሥራ እስኪያልቅ በበርሜል ውሃ እየተጠቀመች ደንበኛ ማስተናገድ ጀመረች። በዚህ መሀል ያ ነጻው ፕሮግራም ጠባዩ ተለወጠ። የራሴን ፋይል ለመክፈት ኢንተርኔት ይጠይቀኛል፤ ኢንተርኔቱ ሲመጣ ላፕቶፑ ይደርቃል። ፈረንጇ ከነውሻዋ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ ትቀራለች። አንድ ጠዋት ተስፋ ቆረጥኩና የናቅኩትን ባለመስመር ፕሮግራም ለሙከራ ጫንኩት።

አዲስ ሚዛን የሚገዛ ሰው ክብደቱን የሚያውቀውን ነገር አስቀምጦ ነው የሚፈትነው። እኔም ፕሮግራሙን ለመፈተን የማውቀውን ቤት ሳልኩበት፤ የማዘርን አዳራሽ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ወለሉን ለብቻ፣ ምሰሶዎቹን ለብቻ፣ ጣሪያውን ለብቻ፣ ታንከሩን ለብቻ አስቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ፣ ሁሉንም አንድ ላይ የሚያሳየውን ቁልፍ ነካሁ። ገጾቹ ተደራረቡ። ልክ እንደ መስታወቱ ነበር፤ የራሴ መስኮት ላፕቶፕ ውስጥ ገብቶ።

ታንከሩ ክብ መስመር ነው። ክቡ አዳራሹ መሀል ላይ ተንሳፍፎ ቁጭ ብሏል። ከሥሩ ምንም የለም። በየትኛውም በኩል ብትሄድ የመጀመሪያው ምሰሶ ከሦስት ሜትር በላይ ይርቃል።

መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሌባ ነጋዴ ሚዛኑን ወነጀልኩ። ፕሮግራሙ ተሳስቷል አልኩ። እንደገና ለካሁ። ያው ነው። ከዚያ አእምሮዬ በለመደው ቋንቋ ማሰብ ጀመረ። ታንከሩ የሚይዘው አምስት ሺህ ሊትር ውሃ አምስት ሺህ ኪሎ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሃምሳ ኪሎ ነው። መቶ ከረጢት። መቶ ከረጢት ሲሚንቶ ምን እንደሚያህል እኔ ነኝ የማውቀው፤ ስንት ሰው እንደሚያራግፈው፣ የጭነት መኪናው ሲራገፍለት እንዴት ቀና እንደሚል። ያንን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ቆልዬ፣ ከሥሩ ሰው ምሳ እንዲበላ ጠረጴዛ ዘርግቻለሁ። ስክሪን ላይ ውሃ አይከብድም። ሁለት ሰከንድ ነበር የፈጀብኝ።

ጀርባዬ በላብ ረጠበ። አንድ ነገር ትዝ ሲለኝ ደግሞ ላቡ በረደኝ። ማዘር ከትናንት ወዲያ ደውላ "ቧንቧው አለቀ፤ ከነገ ወዲያ ቦቴ አስመጥቼ አስሞላዋለሁ" ብላኝ ነበር። ከነገ ወዲያው ዛሬ ነው።

ደወልኩላት፤ አታነሳም። ምሳ ሰዓት ማዘር ስልክ አታነሳም። ፎርማኑ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ሱቁን በምን እጅ እንደዘጋሁት አላውቅም፤ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ዘለልኩ።

"ወይን?" አለኝ ሞተረኛው፤ ወዴት እንደ ማለት።

እውነቱን ልናገር። ለአንዲት አፍታ "ኒሙሌ መንገድ" ልለው አማረኝ። ወደ ኡጋንዳ ድንበር የሚያስወጣው ነው። ጭንቅላቴ ሒሳቡን ከእኔ ቀድሞ ጨርሶ ነበር፤ ሶሌታው ከወደቀ ሰው ይሞታል፤ ሰው ከሞተ ስዕሉን ማን ሠራው ይባላል፤ ስዕሉን የሠራው የሰው አገር ሰው ነው፤ ፈቃድ የለውም። ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አልቻልኩም።

"ኮሎሎ" አልኩት። "በፍጥነት።"

መንገዱ ሁሉ ጉድጓድ ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ስንዘል የሆነ ነገር ሲወድቅ የሰማሁ ይመስለኛል። እጸልያለሁ፤ ጸሎቱ ግን አይረባም። "ጌታ ሆይ፣ ቦቴው ይበላሽ፤ ቦቴው ጎማ ይፈንዳበት" ነው የምለው።

ቦቴው አልተበላሸም። የማዘር በር ላይ ቆሞ ሞተሩ ያጓራል፤ ወፍራሙ የውሃ ጎማ እንደ እባብ ግድግዳውን ወጥቶ ጣሪያው ላይ ጠፍቷል። ሹፌሩ የእኛው ሰው ነው፤ ጥላ ፈልጎ ስልኩን ይነካካል።

"አጥፋው! አጥፋው!"

"ምን ሆነሃል ወንድሜ? ገና ግማሽ ነው እኮ።"

ግማሽ። ሃምሳ ከረጢት። "አጥፋው ብዬሃለሁ!" ስለው ፊቴን አይቶ አጠፋው።

ወደ አዳራሹ ገባሁ። ሙሉ ነው። ሰው ይስቃል፣ ይጎራረሳል፣ ውሃ አምጪ ይላል። ቀና አልኩ። ነጭ በተቀባው ጣሪያ መሀል ላይ ቀጭን መስመር አለች፤ የፀጉር ያህል፣ ወደ ካውንተሩ የምትሄድ። ትናንት ትኑር አትኑር አላውቅም። ከሥሯ አራት ሰዎች ከአንድ ትሪ ይበላሉ።

ማዘርን ወደ ጎን ወሰድኳት። "ሰዎቹን አስወጪ።"

"ምን?"

"አሁን አስወጪያቸው።"

"አበድክ? ሰው ጉርሻ በአፉ ይዞ ውጣ ይባላል?"

ነጋዴ ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚያወጣው ውሸት ነው። "ጋዝ ይሸተኛል" አልኳት።

"ጋዝ የለኝም፤ በከሰል ነው የምሠራው። ደግሞ አንተው አይደለህ እንዴ የከሰሉን ጭስ መውጫ የሳልከው?"

ሌላ ውሸት ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም። ዓይኔ መስመሯ ላይ ነው።

"ማዘር፣ እኔ መሐንዲስ አይደለሁም።"

"ይሄን ልትነግረኝ ነው ምሳ የምታስቋርጠኝ?"

"ታንከሩ ከሥሩ ምንም የለውም። ምሰሶዎቹን ወደ ግድግዳው ስገፋ አየሽ፣ ታንከሩን ስጎትት አየሽ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት የእኔ ፋንታ ነበር። አላየሁም። ሊወድቅ ይችላል።"

ማዘር አልጮኸችም። ቀስ ብላ ወደ ላይ አየች። መስመሯን አገኘቻት። ከንፈሯ "በስመ አብ" ሲል አየሁት፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው እጇን ሁለቴ አጨበጨበች።

"ጎበዝ! ሳህን ሳህናችሁን ይዛችሁ ወደ ግቢ! ዛሬ ውጭ ነው የሚበላው፣ ነፋሻ ነው!"

"ማዘር፣ ጠረጴዛውን ሸጥሽው እንዴ?" አለ አንዱ።

"አንተን ነው የምሸጥህ፤ ተነስ!"

እየተሳሳቁ፣ እያጉረመረሙ ወጡ። አንድ ሽማግሌ እጄን ካልታጠብኩ አልነሳም ብለው ሲያስቸግሩ ጣሳውንም ሳፋውንም ይዤ አወጣኋቸው። ማን እንደሚታጠብ፣ ማን እንደሚያስታጥብ የማስብበት ሰዓት አልነበረም።

ከግቢው ሆኜ ቀና ስል ፎርማኑ ጣሪያው ላይ ነው። ጠርዙ ላይ ቆሞ የታንከሩን መሙላት ይጠብቃል።

"ውረድ!" አልኩት።

"ለምን?"

"አይችልም! ሶሌታው አይችለውም!"

ወደ ታንከሩ ዞሮ አየና "ታዲያ ውሃውን ማን ይለቀዋል?" አለኝ።

በእጄ ጠርዙን አሳየሁት። "በግድግዳው ላይ ሂድ፣ መሀሉን አትርገጥ" ብዬ ጮህኩ። እኔ መሬት ላይ፣ እሱ እዚያ። እንደ ድመት ሆኖ በጠርዙ ዞረ፤ ወደ ታንከሩ ለመድረስ ግን መሀሉን መርገጥ ግድ ነው። ሦስት እርምጃ። ሦስቱንም ቆጠርኩ። ጎንበስ ብሎ የሥሩን መክፈቻ አዞረው፤ ውሃው በጣሪያው ላይ ጎርፎ በአሸንዳው በኩል ግቢው ውስጥ ይፈስ ጀመር። በመጣበት ሦስት እርምጃ ወደ ጠርዙ ተመለሰ። ጎረቤቱ ውሃ ሲፈስ አይቶ ጀሪካኑን ይዞ መጣ፤ ለምን እንደሚፈስ የጠየቀ የለም። እኔ በአዳራሹ በር ቆሜ መስመሯን እጠብቃለሁ። ምሳው ውጭ ተበልቶ አለቀ፤ ውሃው አላለቀም ነበር።

ፎርማኑ ወርዶ አጠገቤ ቆመ። እጁን በሱሪው ጠረገ።

"ጠይቄህ ነበር" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

የቦቴውን ጎማ ሊጠቀልል ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ማዘር ማህተም ያለው እውነተኛ መሐንዲስ አስመጣች፤ የአገሩ ሰው፣ ዝምተኛ። ጣሪያውን በመዶሻ አንኳኳ፣ ለካ፣ ጻፈ። ሙሉ ቢሆን ኖሮ ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ተወው። አዳራሹ መሀል ድጋፍ ይቁም፣ በብረት ተሸካሚ ይጠናከር፣ ታንከሩ ከወጥ ቤቱ በላይ ወዳለው ማዕዘን ይመለስ አለ። ባለቀለሙን ስዕሌን አገላብጦ "ያምራል" አለኝ። እስከ ዛሬ ያን ያህል የሚያሳፍር ቃል አልሰማሁም። ብረቱን ከራሴ መጋዘን አወጣሁ።

የሙከራው ወር ሳያልቅ ባለመስመሩን ፕሮግራም ገዛሁት፤ የባንክ ካርድ ባለው ዘመድ በኩል ከፍዬ። ብዙ ሰው ለምን እሱን መረጥክ ይለኛል። ርካሽ ነው እላለሁ፤ ላፕቶፔም ይችለዋል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይከፈታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የማልነግራቸው ግን አለ። ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ከኋላው መጥቶ "ይሄ ነገር ምን ላይ ነው ያረፈው?" የሚለው ባልደረባ አለው። እኔ የለኝም። አንድ የጠየቀኝ ሰው ነበር፤ ስዕሉን ተከተል አልኩት። ስለዚህ ደርቦ የሚያሳየኝ፣ ቢያስቀይመኝም የማያሳምርልኝ ነገር ያስፈልገኛል። ሣርና ዛፍ የፈለገ ደንበኛ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ሄደዋልም። "ያ ሙሃንዲስ" የሚለኝን ሁሉ "ፕላን ሠሪ ነኝ፤ መሐንዲስ አይቶ ሳይፈርምበት አትቆፍር" እለዋለሁ። ግማሹ ይስቃል፤ ግማሹ ዋጋ ልጨምር የፈለግኩ ይመስለዋል።

ታንከሩ ወደ ማዕዘኑ ተመለሰ። የሚሞላበት ቀን ማዘር ራሷ ደወለችልኝ፤ "ና" ብቻ ነው ያለችኝ። ስደርስ ቦቴው ቆሟል። ሠራተኞቿን ከወጥ ቤት አስወጥታለች። ከታንከሩ ትክክል በታች፣ ምድጃው አጠገብ፣ አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አስቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ትኩስ ሽሮ በእንጀራ።

"ቁጭ በል" አለችኝ።

"ማዘር፣ መሐንዲሱ አረጋግጧል እኮ።"

"እሱ ቤቱ ሆኖ ነው ያረጋገጠው። አንተ እዚህ ሆነህ ታረጋግጥልኛለህ። የእኔ ሴቶች ቀኑን ሙሉ የሚቆሙት እዚህ ነው። ከተነሳህ አስቆመዋለሁ።"

ተቀመጥኩ። ምን እላለሁ? በሩን ክፍት ትታ ወጣች፤ እንድሸሽ ይሁን ከውጭ እንድታየኝ አላወቅኩም። ቦቴው አጓራ። መጀመሪያ ውሃው ባዶ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ እንደ ዝናብ ተሰማኝ፤ ቀጥሎ ድምፁ እየወፈረ ሄደ። ሃያ ከረጢት አልኩ። አርባ። አራቱ ምሰሶ አሉ፤ ራሴ ስዬአቸዋለሁ፤ በአዲሱ ፕሮግራም ደርቤ አይቻቸዋለሁ፤ መሐንዲሱም ፈርሟል። ሆዴ ግን ፊርማ ማንበብ አይችልም። ሰባ። አንድ ጉርሻ ጠቅልዬ ያዝኩ፤ ወደ አፌ ላደርሰው አልቻልኩም። ኮርኒሱ ላይ ያየሁትን የጭስ ጥላሸት ሁሉ ስንጥቅ ነው እያልኩ አንድ በአንድ መረመርኩ። መቶ ያልኩት ሳይሞላ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የምቆጥረው አጣሁ።

ሞተሩ ጠፋ። ከላይ አንዲት ነገር ቀጭ አለች፤ ፕላስቲኩ ይሁን ቧንቧው እንጃ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ማዘር ገባች። መጀመሪያ ወደ ላይ አየች፤ ከዚያ ወደ ሳህኑ።

"ቀዘቀዘብህ" አለች። "ላሙቅልህ?"

"እሺ ማዘር" ብዬ ሳህኑን አቀበልኳት፤ ራሴ ግን አልተነሳሁም፤ ሽሮው እስኪሞቅ እዚያው ከታንከሩ ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።